አስቸጋሪ ድንጋይ ውስጥ የውሃ ዋሻ እንዴት ይቆፈራል፦ ከምርመራው እስከ ውሃ መሙላቱ

ጥሩ ድንጋይ ላይ ዋሻ መቆፈር መቼም ደስ ይላል፣ ትሰረስራላችሁ፣ ታፈነዳላችሁ፣ ትጠርጋላችሁ፣ ነገም ያው ነው። ይሄ ጽሁፍ ለሌላኛው ነው፣ ለተሰባበረው፣ ጭቃ ለሞላበት፣ ውሃ ለሚተፋው፣ ዛሬ ቆሞ ነገ ለሚናደው ድንጋይ። የውሃ ዋሻ ደግሞ መስመር እንደልብ አያስመርጥም፣ ግድቡ እዚህ ነው ከተማው እዛ ነው፣ መሃል ያለው ተራራ የፈለገውን ቢሆን በሱ ውስጥ ማለፍ ነው። እኔ የማምነው እንዲህ አይነት ድንጋይ ላይ ትልቁ ስራ ከፊት ያለውን ቀድሞ ማወቁ እንደሆነ ነው፣ ቁፋሮው ከዛ በኋላ ይመጣል። ፈንጂ የሚነካው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ዲዛይን የሚፈርመው ደግሞ የዋሻ ልምድ ያለው ኢንጂነር ነው፣ ይሄን ብዬ ልጀምር።

1. ድንጋዩን ከላይ ሆናችሁ እወቁት

ጂኦሎጂስቱ መስመሩን በእግሩ ይሂድበት፣ ፎልት (ድንጋዩ ተሰብሮ የተንሸራተተበት መስመር) የሚያልፍበትን፣ ምንጭ የሚወጣበትን፣ ድንጋዩ አይነቱን የሚቀይርበትን ካርታ ላይ ያስፍር። ከዛ ኮር ድሪሊንግ፣ ማለትም ድንጋዩን እንደ ዱላ እየቆረጠ የሚያወጣ ስርሰራ። ኮሩ ሳጥን ውስጥ ሲደረደር መጀመሪያ የሚሰላው አርኪውዲ የሚባለው የድንጋይ ጥራት መለኪያ ነው፣ ከ10 ሳንቲም በላይ የሆኑትን ቁራጮች ርዝመት ደምሮ ለተሰረሰረው ርዝመት ማካፈል ነው፣ ከ90 ፐርሰንት በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከ25 በታች ከሆነ በጣም መጥፎ። ግን ከቁጥሩ በላይ ክፍተቱን እዩት፣ 3 ሜትር ተሰርስሮ የወጣው 2 ሜትር ከሆነ ያ የጎደለው 1 ሜትር ነው ዋናው መረጃ፣ ምክንያቱም ለስላሳውና ጭቃው በመሰርሰሪያው ውሃ ታጥቦ የሄደው እዛ ጋ ነው። የድሪል ልጆች ሳጥኑ ሞልቶ እንዲታይ ቁራጮቹን አጠጋግተው እንዳይደረድሩባችሁ ቆማችሁ ተቆጣጠሩ።

እዛው ቀዳዳ ውስጥ የውሃ ግፊት ቴስት ይሰራ፣ ሉጆን የሚባለው፣ በ10 ባር ግፊት በደቂቃ 1 ሊትር በአንድ ሜትር ቀዳዳ ከገባ 1 ሉጆን ነው። ይሄ ሁሉ ተሰብስቦ ነው ድንጋዩ ደረጃ የሚሰጠው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ቢኒያውስኪ በ1973 ያወጣውን አርኤምአር ወይም ባርተንና ባልደረቦቹ ኖርዌይ ውስጥ በ1974 ያወጡትን ኪው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ለቆፋሪ የአርኤምአር ጥቅሙ ጣሪያው ሳይደገፍ በግምት ስንት ጊዜ እንደሚቆም መናገሩ ነው፦ መካከለኛ ድንጋይ 5 ሜትር ያህል ክፍት ሆኖ አንድ ሳምንት፣ መጥፎ ድንጋይ 2.5 ሜትር 10 ሰዓት፣ በጣም መጥፎ ደግሞ 1 ሜትር ብቻ ተከፍቶ 30 ደቂቃ። 30 ደቂቃ ማለት እኮ ጭሱ እንኳን ሳይወጣ ማለት ነው፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት ቦታ አፈንድቶ ከዛ በኋላ ስለ ድጋፍ ማሰብ አይቻልም።

የውሃ ዋሻን ከመንገድ ዋሻ የሚለየው ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ድንጋዩን ወደ ውጪ መግፋቱ ነው። ድንጋይ ከውሃ 2.6 ወይም 2.7 ጊዜ ነው የሚከብደው፣ እና 100 ሜትር የውሃ ግፊት ካለ ከላይ 40 ሜትር ድንጋይ ወረቀት ላይ ሚዛኑን ያመጣዋል፣ ግን ትርፍ ያስፈልጋል፣ ሸለቆ ዳር ስትሆኑ በጎን በኩል ያለው የድንጋይ ውፍረትም ይቆጠራል፣ ካልበቃ ውሃው ስንጥቁን ከፍቶ ይወጣል። እንደዛ አይነት ቦታ ዋሻውን ወደ ውስጥ መግፋት ወይም የብረት ቧንቧ ማልበስ ነው ያለው፣ ሌላ ዘዴ የለም።

2. አፉን መክፈት

የዋሻው አፍ ሁሌም የአየር ሁኔታ የበላው ልቅ ድንጋይ ነው። ከላይ የዝናብ ውሃ መቀየሻ ቦይ ቆፍሩ፣ ቁልቁለቱን ከላይ ወደ ታች እያጸዳችሁ ቦልት (ድንጋዩ ውስጥ የሚታሰር ረጅም ብረት) እና ሾትክሪት (በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት) አድርጉበት፣ ከዛ የመጀመሪያውን ዙር ከማፈንዳታችሁ በፊት ዙሪያውን ረጃጅም ብረቶች ሰክታችሁ አፉን በብረት ቅስት አስሩት። የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትር ቀስ ተብለው ይሰሩ፣ እዚህ ጋ የቸኮለ ሰው መውጫውን ነው የሚዘጋው።

3. አቅጣጫና ተዳፋት

የሚቻል ከሆነ ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምራችሁ ሽቅብ ቆፍሩ፣ ውሃው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ቁልቁል ከቆፈራችሁ የሚመጣው ውሃ በሙሉ ፌሱ ጋ፣ ማለትም የምትቆፍሩበት ግንባር ላይ ነው የሚጠራቀመው፣ መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ቁልቁል መሄድ ግድ ከሆነ ተጠባባቂ ፓምፕና ለብቻው የቆመ ጄነሬተር ሳይኖር አንድ ሜትር አትሂዱ።

ሰርቬየሩ በየዙሩ ሌዘሩን ቼክ ያድርግ፣ በየጊዜው ደግሞ ከውጪ ካለው ቋሚ ነጥብ ተነስቶ ሙሉውን ይድገመው። የድሮ ሰዎች ያለዚህ ሁሉ መሳሪያ ሰርተውታል፣ ኢየሩሳሌም ያለው የሕዝቅያስ ዋሻ 533 ሜትር ነው፣ ከሁለት ጫፍ ተቆፍሮ መሃል ላይ ነው የተገናኘው፣ ግድግዳው ላይ የተገኘው ጽሁፍም ቆፋሪዎቹ ሊገናኙ ሲሉ የጓደኞቻቸውን ድምፅ ከድንጋዩ ወዲያ መስማታቸውን ይናገራል። ዋሻው ግን ብዙ ቦታ ይጠማዘዛል፣ እናንተ የምትከፍሉበት ኮንክሪት ስላለ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ።

4. ከፊት ሰርስራችሁ እዩ

ይሄን ስቴፕ የሚዘል ሰው ሌላውን ባያነበው ይሻላል። ከላይ የተሰረሰሩት ኮሮች በመቶዎች ሜትር ተራርቀው ስለሆነ መሃል ያለውን አይነግሯችሁም። ስለዚህ ከፌሱ ላይ 2 ወይም 3 ቀዳዳ ከ20 እስከ 30 ሜትር ወደፊት ይሰርሰር፣ ቢያንስ አንዱ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ጎን ያዘነበለ ይሁን፣ የዋሻውን መስመር ብቻ የሚከተል ቀዳዳ ሰያፍ የሚመጣ ፎልትን ቀድሞ ላያገኘው ይችላል። ቁፋሮው የቀዳዳው መጨረሻ ጋ ሳይደርስ 5 ሜትር ሲቀረው ቆሞ አዲስ ይሰርሰር። ሁሌም ከፊታችሁ የታወቀ ድንጋይ መኖር አለበት።

አሁን ሰርሳሪው አጠገብ ቆማችሁ የምታዩትን ልንገራችሁ። አንደኛ ሰዓት፣ አንድ ሜትር ለመሰርሰር 2 ደቂቃ ሲፈጅ የነበረው በድንገት 20 ሰከንድ ከፈጀ ዘንጉ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ የሚመለሰው ውሃ ቀለም፣ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ቆይቶ ቡኒ ወይም ቀይ ከሆነ ጭቃ ነው፣ እፍኝ ያዙና በጣት እሹት፣ ካንሸራተተ ሸክላ ነው፣ ከቆረቆረ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ሶስተኛ ውሃው ከነጭራሹ ካልተመለሰ ትልቅ ስንጥቅ ወይም ባዶ ጉድጓድ አግኝታችኋል፣ ኖራ ድንጋይ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። አራተኛ ከላካችሁት በላይ ውሃ ከመጣ ወይም ዘንጉ ወደናንተ ከተገፋ ወዲያው አቁሙ። ይሄን ሁሉ በሜትር በሜትር ወረቀት ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ፣ ለማስታወስ መሞከር ዋጋ የለውም።

ከላይ ብዙ ውሃ እንዳለ የምትጠረጥሩ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃው 300 ሜትር ከላያችሁ ከሆነ 30 ባር ይጠብቃችኋል ማለት ነው፣ ይሄ የመሰርሰሪያ ዘንግ የሚወረውር ጉልበት ነው። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ሜትር ገብቶ በሲሚንቶ የታሰረ የብረት ቧንቧ ከነቫልቩ ይተከል፣ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ በግፊት ይፈተን፣ ከዛ በሱ ውስጥ ይሰርሰር። ከዘንጉ ኋላ ቀጥታ መስመር ላይ ማንም አይቁም።

ይሄን ያህል የማካብደው በምክንያት ነው። ግልገል ጊቤ 2 ላይ 26 ኪሎሜትር ገደማ የሆነው ዋሻ ሲቆፈር በ2006 ቲቢኤሙ (ዋሻ የሚቆፍረው ግዙፍ ማሽን) ፎልት ውስጥ ገብቶ በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ ያንን ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ገፍቶታል፣ ማለፊያ ለማግኘትም በጎን በኩል ሌላ መንገድ መቆፈር ነበረበት። ፎልት ውስጥ ያለው ጭቃ ብዙ ጊዜ ከኋላው ውሃ አግዶ ነው የሚጠብቀው፣ እስክትነኩት ድረስ ደረቅ ነው የሚመስለው።

5. ውሃውን ቀድማችሁ ዝጉት

ፕሮቡ፣ ማለትም ወደፊት የተሰረሰረው መፈተሻ ቀዳዳ፣ ውሃ ካሳየ መልሱ ግራውት (ስንጥቁ ውስጥ በግፊት የሚገባ የሲሚንቶ ውህድ) ነው፣ ያውም ከመቆፈራችሁ በፊት። ከተቆፈረ በኋላ ውሃው ወደ ዋሻው ስለሚፈስ የምትገፉትን ሲሚንቶ መልሶ እግራችሁ ስር ነው የሚያፈሰው። ከመቆፈሩ በፊት ግን ድንጋዩ ዝግ ነው፣ ሲሚንቶው የሚሄድበት ስንጥቁ ብቻ ነው።

አሰራሩ፦ ከፌሱ ዙሪያ ወደ ውጪ እየተከፈቱ የሚሄዱ ከ15 እስከ 25 ሜትር የሚረዝሙ ቀዳዳዎች ይሰረሰራሉ፣ ከውሃው ግፊት በሚበልጥ ግፊት ሲሚንቶ ይገፋል፣ መቀበል ሲያቆም ቀጣዩ። ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ ተራ ሲሚንቶ አይገባም፣ አፉ ላይ ይደፈንና የተሳካ ይመስላችኋል፣ ለሱ በጣም የደቀቀ ማይክሮ ሲሚንቶ አለ። ጠንክሮ ሲያልቅ መሃል ለመሃል አዲስ መፈተሻ ቀዳዳ ስሩ፣ አሁንም ውሃው ከተቀመጠው ልክ በላይ ከመጣ ሁለተኛ ዙር ግፉ። እዚህ ጋ ፎርማኑ ቀን ተቃጠለ ብሎ ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ። ቀጣዩን ዙር ግራውት ስትሰሩ ቢያንስ 5 ሜትር ያህል የተዘጋ ድንጋይ ከፊታችሁ ትታችሁ ነው።

6. መቆፈሩ

ጥሩ ድንጋይ ላይ በአንድ ዙር 3 እና 4 ሜትር ይኬዳል፣ መጥፎው ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ በጣም ሲብስ ግማሽ ሜትር። አጭር ዙር ኪሳራ ይመስላል ግን አንድ ናዳ የሚበላውን ሳምንት ከቆጠራችሁት ርካሽ ነው።

ስርሰራው ሁሌም በውሃ ይሁን። የድንጋይ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ይጨርሳል፣ አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሆክስ ኔስት በተባለው የውሃ ዋሻ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ በደረቁ ተሰርስሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰራተኞች በሳንባ በሽታ ሞተዋል። ማስክ ተጨማሪ ነው እንጂ የውሃ ምትክ አይደለም።

ሌላው፣ ከቀደመው ፍንዳታ የተረፈ የቀዳዳ ቂጥ ውስጥ በፍጹም እንዳትሰረስሩ፣ ውስጡ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ፌሱ በውሃ ይታጠብ፣ የፈንጂ ባለሙያው እያንዳንዱን የቀረ ቀዳዳ በመብራት አይቶ በቀለም ያክብበው፣ አዲሱ ስርሰራ ከክቡ ርቆ ይሁን። ዙሪያውን ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ተቀራርበው ይሰርሰሩ፣ የሚሞላባቸው ትንሽ ይሁን፣ የሚፈነዱትም መጨረሻ ላይ ይሁን። ከፍንዳታው በኋላ ግድግዳው ላይ የቀዳዳዎቹ ግማሽ አካል ተሰልፎ ከታየ ድንጋዩን አልጎዳችሁትም፣ ካልታየ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሰባብራችሁ ራሳችሁ ላይ የድጋፍ ስራ ጨምራችኋል።

ድንጋዩ በእጅ የሚፈርስ ከሆነ ፈንጂውን ተዉት፣ ኤስካቫተር ላይ በተገጠመ ሰባሪ ወይም በጃክሃመር ይቆፈር፣ ያውም ከፋፍላችሁ፣ መጀመሪያ የላይኛው ግማሽ ተቆፍሮ ተደግፎ ከዛ የታችኛው። የፌሱን መሃል ሳትቆፍሩ ጉብ ብሎ እንዲቀር ተዉት፣ ፌሱ ራሱ ወደናንተ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል።

7. አየር ሳይለካ አትመለሱ

ካፈነዳችሁ በኋላ ዋሻው በካርቦን ሞኖክሳይድና በናይትሮጅን ጋዞች ይሞላል። የመጀመሪያው አይሸትም አይታይም። ፋኑ ሰርቶ፣ ጋዝ መለኪያ የያዘ ሰው ቀድሞ ገብቶ ሲፈቅድ ነው ሌላው የሚገባው፣ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ መግባት የለም። ኦክስጅን ከ19.5 ፐርሰንት በታች ከሆነ አይገባም። ሚቴን ከ5 እስከ 15 ፐርሰንት ሲሆን ይፈነዳል፣ ስለዚህ ገና 1 ፐርሰንት ሲጠጋ ስራ ቆሞ ሰው ይወጣል። በ1971 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሲልማር ላይ የውሃ ዋሻ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ 17 ሰው ሞቷል፣ ከዛ አንድ ቀን በፊት ደግሞ ሰው ያቆሰለ ትንሽ ፍንዳታ ነበር። ትንሽ እሳት ብልጭ ካለች ስራው ቆሞ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ምንጩ ሳይገኝና አየሩ ሳይጸዳ ወደ ስራ መመለስ የለም።

8. ማራገፍ፣ መጥረግ፣ መደገፍ

የተንጠለጠለ ድንጋይ በረጅም ብረት ይራገፋል፣ ሁሌም ከተደገፈው ጣሪያ ስር ቆማችሁ ወደፊት። ብረቱ ሲመታ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ባዶ ጀሪካን እንደመታችሁ ከደመደመ ከኋላው ተላቋል፣ አውርዱት። ከዛ መጥረጊያው ሳይጀመር 5 ሳንቲም ያህል ሾትክሪት ጣሪያው ላይ ይረጭ፣ ፌሱ የሚፍረከረክ ከሆነ እሱም ላይ። ሎደሩ ይጠብቅ።

ሾትክሪት ውሃ የሚወርድበት ድንጋይ ላይ አይዝም፣ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሞ እንደ ሉህ ነው የሚወድቀው። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበትን ቦታ በላስቲክ ቱቦ ወይም በግማሽ ቧንቧ ሰብስባችሁ ወደ ወለሉ አውርዱት፣ ከዛ ርጩ፣ ቱቦውን እንዳትደፍኑት። አዲስ የተረጨ ሾትክሪት ስር ጥንካሬው ሳይለካ ማንም አይቁም።

ቀጥሎ ቦልት፣ ሜሽ የሚባለው የሽቦ መረብ (ወይም ፋይበር የገባበት ሾትክሪት)፣ ሁለተኛ ንጣፍ፣ ሲብስ የብረት ቅስት። ቅስቱ ከድንጋዩ ጋር ካልተነካካ ጌጥ ነው፣ መሃሉ ያለው ክፍተት በሾትክሪት ይሞላ፣ እግሩም ጭቃ ላይ አይቁም። ቀጣዩን ዙር ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ከመጨረሻው ቅስት ላይ ተነስቶ ወደፊትና ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ ከ3 እስከ 6 ሜትር የሚረዝም ወፍራም ፌሮ በየ30 ሳንቲሙ ይሰካ። ቀጣዩ ጣሪያ ሳይቆፈር ተደገፈ ማለት ነው፣ ተሰባብሮ ላለ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላውቅም።

ሁሉም መጥፎ ድንጋይ ግን አንድ አይነት መድሃኒት የለውም። ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ከሆነ ወለሉን ቶሎ በኮንክሪት ዝጉ፣ የመሰርሰሪያ ውሃ እንዲተኛበት አትፍቀዱ። ከላይ ባለው ክብደት ቀስ እያለ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ በጣም ግትር ድጋፍ ይሰበራል፣ ትንሽ አስፍታችሁ ቆፍራችሁ እንዲንሸራተት ተደርጎ የተሰራ ቅስት ነው የሚያዋጣው፣ ቅርፁም ክብ ቢሆን ይመረጣል። በጣም ጥልቅ ቦታ ያለ ጠንካራ ድንጋይ ደግሞ በተቃራኒው ይጮኻል፣ ጠ ጠ እያለ ቅርፊት ይወረውራል፣ እዛ ጋ ሜሽ ቶሎ ይወጠር፣ ድምፁ እስኪበርድ ሰው ይራቅ።

9. በየቀኑ ለኩ

በየተወሰነ ሜትሩ ግድግዳና ጣሪያ ላይ መለኪያ ነጥብ ይተከል፣ ከፌሱ ኋላ ወዲያው፣ ነገ አይባልም። ነጥቡ ስንት እንደተንቀሳቀሰ በቶታል ስቴሽን (የሰርቬየሩ መለኪያ መሳሪያ) በየቀኑ ተለክቶ ግራፍ ላይ ይቀመጥ። መስመሩ እየተኛ ከሄደ ድጋፉ ሰርቷል። ሳይተኛ በዛው ፍጥነት ከቀጠለ ቦልት ጨምሩ። ወደ ላይ ከታጠፈ ሰው አስወጡ፣ ስብሰባው ውጪ ይደረጋል። ሾትክሪቱ ላይ የሚወጣ ስንጥቅም ጫፉ በቀለም ምልክት ተደርጎ ቀኑ ይጻፍበት፣ ቀላል ነው ግን ይሰራል።

10. ከተናደ

ተናደ እንበል፣ ጭቃና ውሃ እየመጣ ነው። ትልቁ ፈተና ሎደር አምጥቶ መጥረግ ነው፣ አትጥረጉ፣ በጠረጋችሁት ቁጥር ከላይ ይሞላል፣ ጉድጓዱም ወደ ላይ እያደገ ይሄዳል። የወደቀውን ባለበት ተዉት፣ ሰው ሳይጋለጥ የሚቻል ከሆነ ፊቱን በሾትክሪት አሽጉት፣ ኋላ ያለውን ደህናውን ቦታ በተጨማሪ ቅስት አጠንክሩ፣ ውሃ ማስተንፈሻ ረጃጅም ቀዳዳዎች በጎን በኩል ሰርስሩ። ግፊቱ ከወረደ በኋላ ከላይ የተፈጠረው ባዶ ቦታ በግራውት ይሞላ፣ የተናደውም በግራውት ይያዝ፣ ከዛ በግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቀድሞ በተሰካ ብረት ጥላ ስር ይታለፍ። ካልሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ በጎን ዞሮ ማለፍ ሽንፈት አይደለም።

11. ሽፋንና ውሃ መሙላት

ጥሩ ድንጋይ ሳይለበስ ሊተው ይችላል፣ ፊንላንድ ውስጥ በ1972 ተጀምሮ በ1982 ያለቀው 120 ኪሎሜትር የፓይያኔ የውሃ ዋሻ አብዛኛው ባዶ ድንጋይ ነው፣ እሱም ቢሆን በኋላ የተናዱ ቦታዎች ስለነበሩት ውሃው ተቋርጦ ተጠግኗል። መጥፎው ቦታ ግን ኮንክሪት ይልበስ። ካሳፎርማው ከተነሳ በኋላ ጣሪያው ላይ በኮንክሪቱና በድንጋዩ መሃል ሁሌም ክፍተት ይቀራል፣ ኮንክሪት ወደ ላይ አይፈስማ፣ በተተወው ቧንቧ በኩል ግራውት ይሞላ። ይሄ ሳይሞላ ውሃ መልቀቅ ሽፋኑን ማሰንጠቅ ነው። ጊቤ 2 ላይም በጥር 2010 ከተመረቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ውስጥ ናዳ ደርሶ ስራ ቆሟል፣ ችግር ያለፈበት ዋሻ በምርቃት ቀን አያልቅም።

ከመሙላታችሁ በፊት የቀረ ሽቦ፣ እንጨት፣ ዘይት፣ አቧራ ሁሉ ይጠረግ፣ ግድግዳው ይታጠብ፣ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ የመጀመሪያው ውሃ ተለቅቆ ይደፋ፣ ክሎሪን ይደረግ፣ ናሙና ላብራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ይምጣ። አሞላሉ በደረጃ ነው፣ ጥቂት ሜትር ከፍ አድርጎ ማቆም፣ መጠበቅ፣ ምን ያህል እንደጠፋ መለካት፣ ከላይ መንደርና ማሳ ላይ አዲስ ምንጭ ፈልቆ እንደሆነ ሰው ልኮ ማሳየት። ማጉደሉ ደግሞ ከመሙላቱ ይብሳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ከወጣ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሽፋኑን ከውጪ ይገፋውና ይሰብረዋል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ኢንስፔክሽን ስታራግፉ ቫልቩን በጥቂት በጥቂቱ ክፈቱ፣ የውጪውን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ እያያችሁ፣ እሱ እስኪከተል ደግሞ ጠብቁት።